ማስረዳት ክልክል ነው

ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን ብታምኑልኝ ይበቃኛል። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እናንተው ምረጡ፤ እኔ ስመርጥ ባለቤቴ ብርቄ «እሱን ተወው፣ ውሸቱ እሱ ነው» ትለኛለች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማችን መንታ ውሃ ትባላለች። እኔ ቁምላቸው እባላለሁ፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ዩኒቨርሲቲው በምትመላለሰው ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ሚኒባሷ ሹፌር የላትም፣ ራሷን ትነዳለች። ረዳት ግን አላት፤ ምክንያቱም መንዳት የሚችል ማሽን ተሠራ እንጂ ከተሳፋሪ ጋር መጨቃጨቅ የሚችል እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሞክረው ነበር። አንዱን አምጥተው ተራው ላይ ቢያቆሙት አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ይዛው ዋለች። ማታ ሊወስዱት ሲመጡ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አልደግመውም» እያለ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ውሸት ከሆነ ብርቄ ትሙት። (ብርቄ «በራስህ ማል» ትላለች።)

የኔ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስምንተኛንም ከመሀሉ ነው የተውኩት። ስለ ዩኒቨርሲቲው የማውቀው እንግዲህ ተማሪ ሳመላልስ በጆሮዬ የገባውን ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የሚያስተምር ሰው የለም። ተማሪ አለ፣ ክፍል አለ፣ ዶክተርም እንደ አሸን አለ። ትምህርቱ ግን ያለው ስልክ ላይ ነው። ድሮ በአያቶቻችን ጊዜ አንድ ብልህ ሰው «ተማሪው ትምህርቱን ቤቱ አዳምጦ ይምጣ፤ ክፍል ውስጥ ይሥራበት፣ ይከራከርበት» ብሎ ነበር አሉ። ሐሳቡ ደህና ነበር። ደህና ሐሳብ ግን እንደ ፍየል ነው፣ ጠባቂ ካጣ የማይወጣው ገደል የለም። መጀመሪያ ትምህርቱን ቤት ወሰዱት። ቀጥሎ «ክፍል ውስጥ የሚያስረዳ ካለ ቤቱ የሚያዳምጥ ይጠፋል» ተባለ። ስለዚህ ማስረዳት ተከለከለ። ዛሬ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ሥር «ማስረዳት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። መምህር የሚለው ስምም ቀርቶ «ጠያቂ» ሆኗል። ጠያቂ ይጠይቃል፣ መልስ ይቀበላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አምና አንድ የሒሳብ ጠያቂ በጣቱ አየር ላይ ክብ ስሎ ለተማሪ አሳየ ተብሎ ተከሷል። «ዝንብ እያባረርኩ ነው» ብሎ ተከራከረና ለጥቂት ተረፈ።

ስልኩም ቀላል ጌታ አይደለም። ትምህርቱ ሲጀምር ዓይንህን ይይዛል። ዓይንህን ከነቀልክ ይቆማል፤ ካንቀላፋህ ከመጀመሪያ ይጀምራል። እስከ መጨረሻው ካፈጠጥክበት ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ይበራል፣ «ተደምጧል» ማለት ነው። አረንጓዴ ያልበራለት ተማሪ የክፍሉ በር አይከፈትለትም። ስለዚህ የከተማችን ወጣት እንደ ጉጉት ፈጥጦ ነው የሚሄደው፤ ተራው ላይ ማስቲካ ያዞሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ የዓይን ጠብታ ነው የሚያዞሩት። ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ልጅ በማዘጋጃ ቤት ስትጋባ ስልኳን ከአበባው ጋር ይዛ ነበር፣ የምግብ ኬሚስትሪ እያዳመጠች። ሹሙ «በፈቃድሽ ነው?» ሲላት «ትንሽ ቀረኝ» አለችው። ሙሽራው ስለሱ የተባለ መስሎት እስከ ዛሬ ያኮርፋል።

ይኼ ሁሉ ለኔ ሳቅ ነበር፣ የእህቴ ልጅ ስንዱ ከወይራ አምባ መጥታ እኛ ቤት እስክትቀመጥ ድረስ።

ስንዱ ስለ አፈር ነው የምትማረው። ጎበዝ ናት። አንድ ችግር አለባት፣ በወግ ያደገች አዳማጭ ናት። በኛ አገር ሰው ሲያወራለት ዝም ብሎ የሚያፈጥ ሰው ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ወሬ ሰብሳቢ ነው። ደህና አዳማጭ ነገሩ ልቡ ውስጥ ሲገባ «እ» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። አጭር ናት፤ ሰው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ እግሩን ሲነክር እንደሚያወጣት ዓይነት ናት። «ገብቶኛል»፣ «ቀጥል»፣ «ወይ ጉድ» ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ። ወይራ አምባ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። የስንዱ የአባቷ አባት አባ ደምለው ሲያወሩ ትንፋሽ ያልሳበ ልጅ «አንተ በድን፣ ተነስ ከፊቴ» ይባል ነበር።

ስልኩን የሠሩት ሰዎች ወይራ አምባን አያውቁም። ስልኩ ያቺን ትንፋሽ ሲሰማ የሰው ልብ ቆመ ብሎ ነው የሚያስበው። ትምህርቱን ያቋርጣል፣ አምቡላንስ ይጠራል፣ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የከተማ ተማሪ ይህን ስለሚያውቅ ትንፋሹን ውጦ ነው ያደገው። የከተማ ልጅ መርዶ እንኳ ቢነግሩት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

ስንዱ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። የመጨረሻው ግን፣ ስለ መሬት መንሸራተት የሚያወራው፣ አልሆነላትም። ስልኩ ላይ የሚያስተምረው ፕሮፌሰር ከሞተ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን ከሱም በፊት የሞተ ይመስላል። እሱ በዚያ ድምፁ «አንዳንድ ኮረብታ በክረምት እርሻን ከነአጥሩ ተሸክሞ ወደ ታች ይሄዳል» ሲል ስንዱ ሳበች። የአያቷን እርሻ ነዋ የሚያወራው።

አምቡላንሱ መጣ። ሲስተር ትርንጎ የምትባል ነርስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች።

«የታለች በሽተኛዋ?»

«ያቺትና፣ ድንች የምትልጠው።»

«ምን ሆና ነው?»

«ተምራ ነው» አልኳት።

በማግሥቱም መጣች። ከዚያም በኋላ መጣች። እየቆየች ስትሄድ ጫማዋን በር ላይ ማውለቅ፣ ብርቄንም «ወጡ ዛሬ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረች።

ስንዱ ግን አልሳቀችም። ትምህርቱ የሚሠራበት ክፍል አርብ ጠዋት ነው። የዚያን ቀን በሩ ያልተከፈተለት ተማሪ ከአንደኛ ዓመት እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እሷን ደግሞ ሁለተኛ የሚልካት የለም።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ዘንድሮም ተሰንጥቋል። ለምን እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚቆም የሚያውቅ አንድ ሰው ከቤታችን ይኑር ብለው ነው የላኩኝ። ምን ይዤ ልመለስ? ትንፋሼን ውጬ ተመለስኩ ልበላቸው?»

ይህን ስትለኝ ብርቄን ከጓዳ ጠራኋት።

መፍትሔ ፍለጋ ገባን። ብርቄ «አፍሽን ውሃ ሙዪው፣ ውሃ የያዘ አፍ አይስብም» አለቻት። ስንዱ ውሃውን ያዘች፣ ፕሮፌሰሩ ኮረብታው ጋ ደረሰ፣ ስንዱ ሳበች፣ ውሃው ትን አላት። ያን ቀን ብቻ አምቡላንሱ በትክክል መጣ። ቀጥለን አፏን በሻርፕ አሰርነው፤ ስልኩ «ፊትሽ አይታየኝም» አለ። በመጨረሻ እኔ ሻርፑን ተከናንቤ በሷ ፋንታ ተቀመጥኩ። ስልኩ ትንሽ አየኝና «ስንዱ፣ ጢም አብቅለሻል። ጤና ጣቢያ ልደውል?» አለኝ።

ረቡዕ ዕለት ዩኒቨርሲቲው አቤቱታ ክፍል ሄድን። ኃላፊው አቶ ልሳኑ የሚባሉ፣ ክራቫታቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚናገር ሰው ናቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙና «ይናገሩ፣ እየተቀዳ ነው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እኔ መቼም ነገር ሳወራ ቅመም ሳልጨምርበት አላልፍም። የአባ ደምለው እርሻ እንዴት በአንድ ክረምት እንደሄደ፣ አባ ደምለው በነጋታው ሞፈራቸውን ተሸክመው እርሻቸውን በየጎረቤቱ እየዞሩ እንዴት እንደጠየቁ ሳወራላቸው አቶ ልሳኑ ወንበራቸውን አስጠጉ። «እና አንዱ ጎረቤት» አልኩ፣ «‹አባቴ፣ ትናንት በዚህ ሲያልፍ አይቸዋለሁ› አላቸው።»

አቶ ልሳኑ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

ስልካቸው ደወለ። ሲስተር ትርንጎ ስትገባ እኔንና ስንዱን አይታ «ዛሬ ደግሞ እዚህ ናችሁ?» አለች። አቶ ልሳኑ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ቢሉም ደንብ ነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሹም ሳይጫን አይቀርም። ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟቸው ተከትዬ ወጣሁ።

«አቤቱታችንስ ጌታዬ?»

«ተቋርጧል። ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።»

«እርስዎም እኮ ሳቡ። ስልኩ ሲሳሳት በዓይንዎ አዩት።»

«ስልኩ አይሳሳትም» አሉ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። «ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው ደህና የሚለው። ብዙ ሰው አይስብም። እናንተ ሁለት ሰው ናችሁ፣ ከኔ ጋር ሦስት ብንሆን ነው። ሦስት ሰው በሽተኛ ይባላል እንጂ ልማድ አይባልም።»

የአምቡላንሱ በር ተዘጋባቸው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከቢሮ የሚጠቅም ነገር ይሰማል፤ የኔ ያቺ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ሚኒባሴ ልንገራችሁ። ተማሪዎቹ ሲሳፈሩ ስልካቸውን ከፍተው ነው። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው፤ ስልኩ የሚይዘው ዓይን እንጂ ጆሮ ስላልሆነ ጆሯቸው ሥራ ፈት ነው፣ እሱን እኔ ነኝ የማሠራው። መንገዱን በሙሉ አወራላቸዋለሁ። አንድ ስምምነት አለን፤ ስትሄዱ ቀለል ያለውን፣ ስትመለሱና ስልክ ሲዘጋ ከበድ ያለውን። ትንፋሽ የሚሳብበት ወሬ ጠዋት አይወራም። ይህን ስምምነት ለስንት ዓመት አንድም ቀን አላፈረስኩም።

ሐሙስ ጠዋት አፈረስኩት።

«ይህቺ ሚኒባስ» አልኩ በሩን ዘግቼ፣ «ዝምተኛ ትመስላችኋለች አይደል? ባለፈው ሚያዝያ ጥላኝ ጠፍታ ነበር።»

ከፊት የተቀመጠው አቤኔዘር የሚባል ረጅም ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ጋሽ ቁሜ፣ እባክህ፣ የማታውን አታምጣብን። ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ።

«አንተ ዓይንህን ጠብቅ፣ ጆሮህን ለኔ ተወው። ጠፋች አልኳችሁ። ፖሊስ ጋ ብል የለችም፣ ጋራዥ ብል የለችም። በሳምንቱ አንድ ሰው ከቆላ ደውሎ ‹ሰርግ ላይ አየኋት› አለኝ። ስሄድ ድንኳን በር ላይ ቆማለች። ሙሽሮቹ መኪና አጥተው መንገድ ዳር ሲያለቅሱ አይታ ኖሯል። አበባ አስረውላታል፣ አጊጣለች። ‹ነይ እንሂድ› ብላት ሞተሯን አጠፋችብኝ።»

አንዲት ልጅ ከንፈሯን ነከሰች። አንዱ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«ምን ላድርግ? ሽማግሌ ላክሁባት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጎማዋ ሥር ተቀምጠው ‹ልጃችን፣ ምን በድሎሽ ነው? ተናገሪ› አሏት። እሷም ምንም ሳትል የኋላ በሯን ቀስ አድርጋ ከፈተችላቸው።» ሚኒባሷ በአጋጣሚ ቀይ መብራት ላይ ቆመች። «ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? እኔ ረዳት ከሆንኩ ጀምሮ ‹ሞልቷል› ብዬ መንገድ ላይ ጥያቸው የሄድኩ አሮጊቶች በሙሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ ‹ይኸውና፣ መጣ› አለች።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳበ። እውነቴን ነው፣ መስኮቶቹ ወደ ውስጥ የገቡ መሰለኝ።

ከዚያ የሆነውን አትጠይቁኝ። ሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ደወለ። ሚኒባሷ ራሷ ፈርታ ጥግ ያዘች። አምቡላንሶቹ አንድ በአንድ መጥተው ከኋላችን ሲሰለፉ የሰርግ አጀብ መሰልን፤ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች አጨበጨቡልን። ሲስተር ትርንጎ እየሮጠች መጣች።

«ማነው የታመመው?»

«ሁሉም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነግረሃቸው ነው?»

ነገርኳት። እሷም አሮጊቶቹ ጋ ስትደርስ ሳበች፣ የደረት ኪሷ ውስጥ ያለው ስልኳም ለሌላ አምቡላንስ ደወለ።

ተማሪዎቹ ትምህርታቸው ከመጀመሪያ ስለጀመረባቸው እስከ ዘር ማንዘሬ ሰደቡኝ። ግን ወሬን ማን ይይዘዋል? ካምፓስ ገብተው ላልነበሩት አወሩ። ያልነበሩት ሳቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ አንዲት ወጥ አቅራቢ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰልፉ በሙሉ ሳበ አሉ። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ውስጥ እውነተኛ በሽተኛ በእግሩ ነው ጤና ጣቢያ የሄደው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የስንዱ ስልክ ብቻውን ተናገረ። «ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ከዛሬ ጀምሮ የማዳመጥ ምልክት ሆኖ ተመዝግቧል። ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን።»

ስንዱ ተቀመጠች። ፕሮፌሰሩ ጀመረ፣ ኮረብታው ጋ ደረሰ። ስንዱ ሳበች። ስልኩ አምቡላንስ አልጠራም፤ በትሕትና «ምን አስደነቀሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እርሻው ከነአጥሩ መሄዱ።»

አረንጓዴው በራ። ብርቄ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኔም እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት ከሚኒባሴ የወረዱት ተማሪዎች ግን እልል አላሉም። ስልኩ አዲሱን ልማድ ሲይዝ አሮጌውን ጥሎታል፤ ትንፋሽ ሳይሳብበት የተደመጠ ትምህርት ሁሉ እንዳልተደመጠ ሆኗል። የሁሉም አረንጓዴ ጠፍቷል። በሩ ለስንዱ ብቻ ተከፈተና ከኋላዋ ተዘጋ። ሌሎቹ ደጅ ቀሩ። እኔም የሠራሁትን ለማየት ተከትያቸው መጥቼ በኮሪደሩ በኩል ያለው መስኮት ሥር ቆምኩ።

መጀመሪያ በውሸት ሊስቡ ሞከሩ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ስልኩ ላይ አፍጥጦ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል። አቤኔዘር ሳበ።

«ምን አስደነቀህ?» አለው ስልኩ።

«ትምህርቱ።»

«የትምህርቱ ምኑ?»

«እ... አጠቃላይ ሁኔታው።»

ቀይ በራበት። ወደኔ ዞረ። «ጋሽ ቁሜ፣ ዛሬ ከወደቅን አንተን ነው የምንቀብርህ።»

«ስትቀብሩኝ ለእድሬ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ድንኳኑ ቶሎ አይገኝም» አልኩት።

ክፍሉ ውስጥ ስንዱና ጠያቂው ዶክተር ወንድይፍራው ብቻ ናቸው። ዶክተር ወንድይፍራው ማስረዳት የሚወዱ፣ ግን ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። አፋቸው እንዳያመልጣቸው ሁልጊዜ መሐረባቸውን ከንፈራቸው ላይ ይዘው ነው የሚቆሙት።

«ልጄ» አሏት በመሐረቡ ውስጥ፣ «ሰባት ሰው ካልሞላ ክፍሉ እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። ላንቺም አይቆጠርልሽም። እስኪደወል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም።»

ስንዱ በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። «ዶክተር፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ቢያስረዷቸው ከልባቸው ይደነቁ ነበር።»

ዶክተሩ ግድግዳውን አዩ። መሐረቡን ግንባራቸው ላይ አዞሩት። የተለጠፈውን ክልከላ ደጋግመው አነበቡት መሰለኝ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ተቀየረ።

«እኔ ጠያቂ ነኝ» አሉ። «ማስረዳት አልችልም፣ መጠየቅ ግን እችላለሁ። መልስ ደግሞ ይርዘም ይጠር የሚል ደንብ አላየሁም። እጠይቅሻለሁ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መልሺልኝ፣ ጆሮዬ ትንሽ ያስቸግረኛል። መስኮቱንም ክፈቺው፣ ሞቀኝ።»

ጠዋቱ ብርድ ነበር። ስንዱ መስኮቱን ከፈተችው።

«ኮረብታ ለምን ይሄዳል?»

ስንዱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስትጀምር ድምፁ የእሷ አልነበረም፣ የአባ ደምለው ነበር።

«አያቴ ገብስ ዘርተው ነበር» አለች። «አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ጠዋት ሲወጡ እርሻው ከነአጥሩ፣ ከነግራሩ፣ ታች አቶ ጥጋቡ መሬት ላይ ተቀምጧል። ገብሱ አልተኛም፣ እንደቆመ ነው የሄደው። አቶ ጥጋቡ ‹መሬቴ ላይ የበቀለ ገብስ የኔ ነው› አሉ። አያቴም ‹ገብሱ የኔ ነው፣ አፈሩም የኔ ነው፤ ያንተ መሬት ከሥሩ ነው፣ ቆፍረህ አውጣው› አሏቸው።»

ደጅ የቆሙት ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው። ጆሯቸው ግን ወደ መስኮቱ ሲያዘነብል ይታየኛል። አንድ ሁለቱ ሳቡ።

«ሽማግሌ ተቀመጠ» አለች ስንዱ። «ነገሩ እስከ ማታ ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ከድንጋዩ ካብ በላይ ነበሩ፤ ሲነሱ ከካቡ በታች ሆኑ።»

ኮሪደሩ ሳበ። ስልኮቹ ሁሉ «ምን አስደነቀህ? ምን አስደነቀሽ?» ማለት ጀመሩ። ስንዱ ግን አላቆመችም።

«አፈሩ ከላይ ልል ነው። ሥሩ ሸክላ አለ። ዝናቡ በልሉ ውስጥ ይወርድና ሸክላው ጋ ሲደርስ መግቢያ ያጣል፣ እዚያው ይተኛል። ሸክላው እንደ እርጥብ ሳሙና ይሆናል። ከዚያ ከላይ ያለው ሁሉ፣ ቤትም ቢሆን፣ ሳሙና ላይ የቆመ ሰው ነው። አያቴ ይህን አላወቁም። እኔም እዚህ መጥቼ ነው ያወቅሁት። አሁን ደግሞ ከቤታችን በላይ ስንጥቅ ወጥቷል። በበዓል ስሄድ እጄን አስገባሁበት። እስከ ክርኔ ገባ። የክረምቱ ውሃ በዚያ ነው የሚገባው። ከሥሩ ሰው ተኝቷል።»

ማንም አልሳቀም። አቤኔዘር ሲስብ ሰማሁት፤ እንደ ዓሣው አልነበረም፣ ከሆዱ ነበር።

«ምን አስደነቀህ?» አለው ስልኩ።

«ስንጥቁ። ውሃው በሱ ወርዶ ሸክላው ላይ ይተኛል። ካልተገደበ ቤቱ ይሄዳል።» ከዚያ ለስልኩ ሳይሆን ለራሱ «መጀመሪያ ከስንጥቁ በላይ ቦይ ነው መቆፈር» አለ።

አረንጓዴ በራለት፣ በሩ ተከፈተለት። እሱ ገባ፣ አንዲት ልጅ ተከተለችው፣ ከዚያ እየተጋፉ ገቡ። ሲደወል ወንበር ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ነበሩ። ዶክተር ወንድይፍራው መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ቦዩ በየት በኩል ይሂድ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጭቅጭቅ ምን ልበላችሁ። ቦዩ በቀኝ ይሁን በግራ በሚል የሽንኩርት ነጋዴዋን የሚያስንቅ ስድብ ተሰደቡ። በመጨረሻ ግራው አሸነፈ፤ ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘው በሚኒባሴ ወይራ አምባ ወጡ። ቆፍረው ሲመለሱ ጭቃቸውን ከወንበር ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስልክ ማስታወቂያ ተናገረ። ሟቹ ፕሮፌሰር ከመሬት መንሸራተት ትምህርት ተነስቷል። በምትኩ ብዙ ትንፋሽ የተሳበበት ድምፅ ገብቷል፣ ከኮሪደሩ ስልኮች የተለቀመ። ትምህርቱ ስለታደሰ የተማሩት ሁሉ እስከ ሰኞ ጠዋት እንደገና ያዳምጡት፤ ያላዳመጠ በር አይከፈትለትም። በአገሩ ያለ የአፈር ተማሪ በሙሉ ከእንግዲህ የሚማረው ከስንዱ ነው።

ብርቄ እንደገና እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ስንዱ ግን ፊቷ ገረጣ።

«ጋሼ፣ እኔም ማዳመጥ አለብኝ እኮ።»

«እና አዳምጪዋ። ያንቺው አይደል?»

ተቀመጠች። ስልኩ ላይ ስንዱ ለስንዱ ታስተምራለች። አያቴ ገብስ ዘርተው ነበር ትላለች ያቺኛዋ፤ ይቺኛዋ ታፈጣለች። እርሻው ሄደ፣ ምንም። ሽማግሌዎቹ ከካቡ በታች ሆኑ፣ ምንም። ከጓዳ በኩል ብርቄ በየመሀሉ ትስባለች፤ ስልኩ «አመሰግናለሁ እናቴ፣ እርስዎ ግን አልተመዘገቡም» ይላታል። ትምህርቱ አለቀ። ቀይ በራ።

«ትንፋሽ አልሳብሽም። አልተደመጠም።»

«እኔው ነኝ እኮ የተናገርኩት፣ በምን ልደነቅ?» አለችው። ስልኩ ከመጀመሪያው ጀመረ።

በውሸት ሳበች። «ምን አስደነቀሽ?» ሲላት «ድምፄ» አለች፣ ቀይ። እንደገና ሳበች። «የአያቴ ብልሃት» አለች፣ ቀይ። የሰፈሩ ተማሪዎች አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነው በመስኮት እያለፉ «ስንዱ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ያስተማርሽን» ይሏታል። እሷ ሰኞ ከራሷ ትምህርት ልትባረር ነው። ብርቄ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብላ ተነፈሰች። እኔ ሌላ ተንኮል እያሰብኩ ጥፍሬን በላሁ፤ አንድም አልመጣልኝም።

ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ያቺኛዋ ስንዱ ስንጥቁ ጋ ደረሰች። «እጄን አስገባሁበት። እስከ ክርኔ ገባ» አለች።

ይቺኛዋ ስንዱ ድንገት ቀና አለች። እጇን አየች፣ ከጣቷ ጀምራ ወደ ላይ። ከዚያ ትንፋሿን ሳበች፣ ከሆዷ።

«ጋሼ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እስከ እጄ አንጓ ብቻ ነበር እኮ የገባው።»

አገር በሙሉ እስከ ክርን ተምሮታል። የኔው ደም ናት፣ ምን ላድርጋት።

ስልኩ በትሕትና «ምን አስደነቀሽ?» አላት።

ስንዱ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

«እስከ ክርኔ መግባቱ» አለች።

አረንጓዴው በራ።